ሳንቲሞቻችን የት ይገባሉ?
(ከሒሳብ ክፍል ለጠቅላላ ጉባኤው የቀረበ ንግግር)



ከነፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ ስትመጡ አብዝታችሁ የምትጠይቁን ስለ ብሩ ሳይሆን ስለ ሳንቲሙ ነው። ዛሬ እንመልስ።

«ሳንቲም አሁንም ገንዘብ ነው ወይ?» አዎ፣ ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የተለወጡት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ናቸው፤ ሳንቲሞቹ አልተነኩም። ባለሱቁ በሽልንግ ፈንታ ከረሜላ የሚሰጣችሁ ሳንቲም ስለተሻረ አይደለም፤ ዝም ስለምትሉት ነው።

«በሣጥን ያለው የጃንሆይ ሳንቲም ያከብራል?» 1936 የሚል ዓመት ስላለበት አትጓጉ፤ ያው ዓመት ሳይለወጥ ለረጅም ጊዜ ብዙ ተመቷል። የ50 ሳንቲሙ ግን ማዕድኑ ብር ስለሆነ፣ አንጥረኛ ሳታሳዩ ለመንገደኛ ነጋዴ አትስጡ። የ25 ሳንቲሙ ጠርዝ ለምን እንደ አበባ እንደሆነ የጠየቃችሁም አላችሁ። መጀመሪያ ክብና ከ50 ሳንቲሙ ጋር ተመሳሳይ ነበር፤ አጭበርባሪዎች ብር እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ ስላሳለፉት መንግሥት ጠርዙን አስለወጠው። እናቶቻችን በጨለማም በእጃቸው ዳስሰው ስሙኒን ይለዩ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ፦ «የእኛስ ሳንቲም የት ይገባል?» 2,750 ብር የተበደረች አባል በወር 1.25 በመቶ ወለድ ሲታሰብባት 34 ብር ከ37 ሳንቲም ተኩል ይመጣል። ተኩል ሳንቲም ስለሌለ 34.38 ብለን እንጽፋለን። እርሷ 35 ብር ይዛ ትመጣለች። የቀረው 62 ሳንቲም የማኅበሩም የገንዘብ ያዧም አይደለም፤ በስሟ ቁጠባ ላይ ይገባል። ትንሽ መስሎ ይታያል። ሠላሳ አባላት በየወሩ እንዲህ ቢተዉ ግን በዓመት 223 ብር ከ20 ሳንቲም ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀመጣል። ባለቤት የሌለው ገንዘብ ደግሞ ሐሜት ያመጣል፤ ስንት እቁብና እድር በዚህ እንደፈረሰ እናንተ ታውቁታላችሁ። ለጋሾቻችንም በሪፖርታችን «የሳንቲም ልዩነት» የሚል መስመር የማያገኙት ለዚህ ነው።

በቴሌብር የምትከፍሉ ሳንቲሙን አክላችሁ ትክክለኛውን ላኩ፤ ቁጥሩን ማጠጋጋት አያስፈልግም። ማንበብ የማይሆንላችሁ እናቶች ልጃችሁን ወይም ጎረቤታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ደብተራችሁን ከመዝገባችን ጋር መስመር በመስመር፣ እስከ ሳንቲሙ ድረስ እያነበብን እናስተያያለን። ዛሬም ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ጋ አለን።