በቺፕ ውስጥ ያለውን ካፓሲተር ከስታቲክ ኤሌክትሪክ ስለ መጠበቅ
(ለኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



በኅዳርና በታኅሣሥ አየሩ ሲደርቅ፣ ማታ የናይለን ሹራብ ስናወልቅ የሚንጣጣውን ድምፅ የማያውቅ በመካከላችን አይገኝም። የሚንጣጣው በላያችን የተጠራቀመው ቻርጅ ነው። ሰው የቻርጁን መውጣት በጣቱ የሚሰማው ወደ 3000 ቮልት ሲጠጋ ነው፤ ቺፕን ለማጥፋት ግን ከዚያ እጅግ ያነሰው፣ እኛ ከነጭራሹ ያልተሰማን ይበቃል። ዛሬ ልንነግራችሁ የተነሣነው ስለዚሁ ነው፤ ያውም ከራሳችን ስሕተት ተነሥተን።

ለመመረቂያ ሥራችን አንድ ትንሽ ቺፕ ስንነድፍ ከአንዱ መግቢያ እግር ላይ 10 ፒኮፋራድ ካፓሲተር አገናኘን፤ ሌላው ሰሌዳው ከመሬት ጋር ተያይዟል። በሌሎቹ እግሮች ሁሉ መከላከያ ዳዮድ ስናደርግ ይህን ተውነው። ምክንያታችንም፣ «ካፓሲተር የቻርጅ ማጠራቀሚያ አይደለምን? የመጣውን ይውጠዋል» የሚል ነበር። አሳቡ ሲሰሙት ያምራል። ከመካከላችን አንዱ ግን እርሳስ አንሥቶ ማስላት ጀመረ።

በፈተና ደንብ የሰው አካል እንደ 100 ፒኮፋራድ ካፓሲተርና እንደ 1500 ኦም ሬዚስተር ይቆጠራል፤ 2000 ቮልትም የተለመደ መፈተኛ ነው። ይህ ቻርጅ ከ10 ፒኮፋራድ ጋር ቢካፈል በሁለቱ ላይ የሚቀረው 1800 ቮልት ያህል ነው። የካፓሲተራችን ኦክሳይድ ውፍረቱ 10 ናኖሜትር ነው፤ ለእያንዳንዱ ናኖሜትር 1 ቮልት ያህል ስለሚችል፣ በ10 ቮልት ገደማ ይበሳል። ካፓሲተሩ ሁሉን ውጦ ከ10 ቮልት እንዳያልፍ ከፈለግን 20 ናኖፋራድ፣ ማለትም ወደ 6 ካሬ ሚሊሜትር የሚጠጋ ሲሊኮን ያሻናል። ቺፓችን በሙሉ 1 ካሬ ሚሊሜትር አይሞላም!

በዚህ የተሳሳትነው እኛ ብቻ አይደለንም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ፌርቻይልድ ያወጣው 741 አምፕሊፋየር 30 ፒኮፋራድ ካፓሲተር በውስጡ ይዞ በመምጣቱ ሥራ አቃሎ ነበር። በ1980 የወጣው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር መመሪያ ግን ጥበቃ የሌለው የሞስ ካፓሲተር ያላቸውን ኦፕሬሽናል አምፕሊፋየሮች በቀላሉ ከሚጎዱት ክፍል መድቧቸዋል። ከሁሉ የሚከፋው ኦክሳይዱ ፈጽሞ ሳይበሳ ሲቆስል ነው፤ ቺፑ ፈተናውን ያልፋል፣ ካፓሲተሩ ግን ቀስ በቀስ ማፍሰስ ይጀምርና ከወራት በኋላ ጥፋተኛው የማይገኝ ብልሽት ይሆናል።

ጎርፍ ሲመጣ ጎተራውን በማስፋት የሚከላከል ገበሬ የለም፤ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፍራል። እኛም ከእግሩ አጠገብ አንድ ዳዮድ ወደ ኃይል መስመር፣ አንድ ዳዮድ ወደ መሬት አደረግን፤ በሁለቱ መስመሮች መካከልም ድንገተኛ ቮልቴጅ ሲመጣ ብቻ የሚከፈት ሰፊ ትራንዚስተር አቆምን። ቀጥሎ 200 ኦም ሬዚስተር፣ ከእሱ ኋላ ትንንሽ ዳዮዶች፣ ካፓሲተሩ በመጨረሻ። ሬዚስተሩ ብቻውን አያድንም፤ ጥፋቱን ለጥቂት ናኖሴኮንድ ያዘገየዋል እንጂ።

የመስመሩን ነገር ደግሞ ቸል አትበሉ። ከ2000 ቮልት የሚወርደው የኤሌክትሪክ ጅረት እስከ 1.3 አምፔር ይደርሳል። የብረት መስመሩ 5 ኦም ቢኖረው በእሱ ላይ ብቻ ከ6 ቮልት በላይ ይቆማል፤ እንግዲህ ከ10 ቮልታችን ምን ተረፈ? በመጀመሪያው ሥዕላችን መስመሩ የቺፑን ግማሽ ዞሮ ይሄድ ነበር፤ አሁን አሳጥረን አስፍተነዋል።

እስካሁን ያልተስማማንበት የዳዮዶቹ ስፋት ነው። ሰፊ ዳዮድ ብዙ ጅረት ይሸከማል፤ ነገር ግን የራሱን ፒኮፋራድ በእግሩ ላይ ይጨምርና ምልክቱን ያበላሻል። ግማሾቻችን ይጥበብ እንላለን፤ ግማሾቻችን እንቃወማለን። ሥዕሉ ከግድግዳው ላይ ተለጥፏልና እርሳስ ይዛችሁ ቅረቡ።