ከገጠር ከተማ ወደ ምክር ቤት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



 ስለ ማዳበሪያ አቅርቦትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ከእኔ በፊት የተናገሩት በሚገባ ስላብራሩት፣ እኔ ጥቂት ደቂቃ ወስጄ ስለ አንድ የሩቅ አገር ሕግ አውጪ ላጫውታችሁ። አንድሪው ቮልስቴድ ይባላሉ።

ቮልስቴድ እ.ኤ.አ. በ1860 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ከኖርዌይ ከፈለሱ ወላጆች ተወለዱ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች፣ የእኛን አዋጆች ሳይጨምር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ግራናይት ፎልስ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ በጥብቅና ሠሩ፤ የአካባቢው ዐቃቤ ሕግ፣ ቀጥሎም የከተማይቱ ከንቲባ ሆኑ። በ1903 የገበሬ አገራቸውን ወክለው ዋሽንግተን ምክር ቤት ገቡና ሃያ ዓመት ቆዩ።

ዓለም የሚያውቃቸው በመጠጥ ነው። በ1919 አልኮል መጥመቅንና መሸጥን የከለከለው ሕግ በስማቸው ተጠራ። ፕሬዚዳንት ዊልሰን አልፈርምም ቢሉም ምክር ቤቱ አጸደቀው፤ ክልከላው የተነሳው በ1933 ነው። ጠላ በቀረበበት ድግስ ላይ እኚህን ሰው ማንሳት ድፍረት ሳይሆን አይቀርም።

ለእኛ የሚበጀው ግን ሌላው ሕጋቸው ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ገበሬ ወተቱንና እህሉን ለየብቻው ይዞ የሚቀርበው ጥቂት ትላልቅ ገዥዎች ፊት ነበር። ዋጋ ቆራጩ ገዥው ነው። ገበሬዎች በጋራ እንሽጥ ብለው ሲሰባሰቡ ደግሞ በ1890 የወጣው የሼርማን ሕግ ጠለፋቸው። ሕጉ የታወጀው ኩባንያዎች ተመሳጥረው ገበያውን እንዳይዙ ነበር፤ ሆኖም በአንድ ዋጋ ለመሸጥ የተስማሙ ገበሬዎችም «ተመሳጥራችኋል» እየተባሉ ይከሰሱ ጀመር። በ1914 የወጣው ማሻሻያ አክሲዮን የሌላቸውን ማህበራት ብቻ ስለሚጠቅም፣ በአክሲዮን ካፒታል ያሰባሰበው ማህበር ከሥጋት አልወጣም።

ቮልስቴድ የምክር ቤቱ የፍትሕ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩና ከካንሳሱ ሴናተር አርተር ካፐር ጋር ሆነው ይህን ቋጠሮ ፈቱት። የሁለቱን ስም የያዘው ሕግ በ1922 ጸደቀ። ገበሬዎች ምርታቸውን በጋራ አዘጋጅተው በጋራ እንዲሸጡ ፈቀደ፤ ፈቃዱ ግን ልጓም አለው። ማህበሩ ወይ ለእያንዳንዱ አባል፣ አክሲዮኑ ቢበዛም ቢያንስም፣ ከአንድ ድምፅ በላይ አይሰጥም፤ ወይ ደግሞ የአክሲዮን ትርፍ በዓመት ከመቶ 8 አያስበልጥም። ዋጋ ያለ አግባብ ካናረም የግብርና ሚኒስትሩ ሊያስቆመው ይችላል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ ሌላው ድንጋጌ ነው፤ አባል ካልሆኑ ሰዎች ምርት ጋር የሚሠራው ሥራ ከአባላቱ ምርት በዋጋ መብለጥ የለበትም ይላል። አብዛኛውን እህል ከውጭ ሰው እየገዛ የሚሸጥ ማህበር ከነጋዴው በምን ይለያል? መጋዘኑ ስለሞላ ብቻ የሚደሰት የሥራ አመራር ኮሚቴ፣ እህሉ የማን እንደሆነም ቢቆጥር አይከፋም።

የእኛ ሕግ ከዚያ ተቀዳ ማለቴ አይደለም። «አንድ አባል አንድ ድምፅ» ከቮልስቴድ በፊት የነበረ የኅብረት ሥራ መርሕ ነው፤ በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ሰፍሮ ነበር፣ በተተካው በአዋጅ ቁጥር 985/2009ም ቀጥሏል።

የሰውየው ዕጣስ? በ1920 በፓርቲያቸው የዕጩ ምርጫ ኦሌ ክቫሌ የተባሉ ቄስ አሸነፏቸው። ቄሱ «ሃይማኖት የለሽ ነው» ብለው ስማቸውን በማጥፋታቸው ግን ፍርድ ቤት ውጤቱን ሰረዘው። በ1922፣ ያ የገበሬዎች ሕግ በጸደቀበት ዓመት፣ ክቫሌ እንደገና ተወዳድረው ወንበሩን ወሰዱ። የመጠጡ ክልከላ ነው የጣላቸው እንዳይባል ቄሱም የክልከላው ደጋፊ ነበሩ። እኔ ሳስበው ከጦርነቱ በኋላ የእህል ዋጋ ወድቆ ገበሬው ተማሮ ነበር፤ አዲስ ሕግ ደግሞ ለዘንድሮ ዕዳ አይደርስም።

ቮልስቴድ ወደ ግራናይት ፎልስ ተመልሰው በ1947 እዚያው አረፉ። ሕጋቸው ዛሬም በሥራ ላይ ነው። በ1921 በዚያው በሚኒሶታ በቅቤ አምራቾች ማህበራት የተመሠረተውና በእኛም አገር በወተት ልማት ሥራ ስሙን የሰማችሁት ላንድ ኦ ሌክስ እስካሁን የአባላቱ ንብረት ነው።