ዓሣውም ሐይቁም ይመዘን
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)




ከጎንደር ከተማ በስተ ደቡብ የተንጣለለው የጣና ሐይቅ ስፋቱ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ቢበዛም ከ14 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ በመሆኑ ከደጋው የሚወርደው ጎርፍና በላዩ የሚነፍሰው ነፋስ ጠባዩን ቶሎ ይለውጡታል። ስለዚህ በጣና የዓሣ ሀብት የሚመክር ባለሙያ ስለ ውኃውም መምከር ግድ ይሆንበታል።

የወይጦ ማኅበረሰብ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ከጥንት ጀምሮ ሲያሰግር ኖሯል። በ1986 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። በዚህ መሣሪያ የተገኘው የዓመት ምርት በ1987 ዓመት 39 ቶን የነበረው በ1997 ወደ 360 ቶን ከፍ አለ። ይህን ቁጥር ብቻ የተመለከተ ሰው ሥራው ተቃንቷል ብሎ ቢደሰት አይፈረድበትም። ነገር ግን የጠቅላላው ክብደት መጨመር የእያንዳንዱን ዝርያ ደኅንነት አያስረዳም።

ለገበያ የሚቀርበው ዓሣ በሦስት ይከፈላል፤ እነርሱም ቆሮሶ፣ አምባዛና ባርበስ ናቸው። ባርበስ በሚባለው ስም የሚጠቃለሉት ትላልቅ ዓሦች 15 ዝርያዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በሌላ ስፍራ አይገኙም። 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው የዓባይ ዓሣ ለይቷቸው በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተለያይተው በቅለዋል። በፊሊፒንስ አገር በላናኦ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ወገን ከጠፋ ወዲህ፣ በዓለም ላይ ሳይፈርስ የቀረው የዚህ ዓይነት የዓሣ ቤተሰብ የጣናው ብቻ ነው።

ይህ ወገን ከ1991 እስከ 2001 በነበሩት ዓመታት ምን እንደ ደረሰበት ልኬቱ ገልጦታል። ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ብዛት 75 በመቶ ቀነሰ፤ ገና ያላደጉት ባርበሶች ደግሞ 90 በመቶ ያህል ጎደሉ። ለዚህም ምክንያት ሆነው የተገኙት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ከዓመቱ የባርበስ ምርት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከሐምሌ ማለቂያ እስከ መስከረም አጋማሽ በወንዞች አፍ ላይ፣ ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል በተሰበሰበበት ሰዓት የሚያዝ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በወንዞቹ ውስጥ በተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ዓሣን የማደንዘዝ ልማድ ነው።

በገበያ ሚዛን ላይ ከቶ የማይወጡ ትናንሽ ዓሦችም አሉ። ርዝመታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጠው ትናንሽ ባርበሶች ለትልልቆቹ ዓሣ በል ዘመዶቻቸው ዋና ምግብ ናቸው። ከመካከላቸው ባርበስ ታናፔላጂየስ የተባለው በ2000 አዲስ ዝርያ ሆኖ ተመዘገበ፤ እሸቴ ደጀንም የእነዚህን ትናንሽ ዓሦች ኑሮና ለዓሣ ማስገር ሊሰጡ የሚችሉትን ጥቅም በ2003 በዶክትሬት ጥናቱ አቀረበ። ትንሹ ዓሣ በውኃው ላይ የሚንሳፈፉትን ደቂቅ እንስሳት ይበላል፤ ትልቁ ዓሣ ትንሹን ይበላል፤ ሰው ደግሞ ትልቁን ይበላል። ከሰንሰለቱ የታችኛው ቀለበት ቢላላ ጉዳቱ ወደ ላይ መውጣቱ አይቀርም። እንግዲህ ትንሹን ዓሣ ለማስገር ከመታሰቡ በፊት ትንሹን ዓሣ መቁጠር ይቀድማል።

ለብዙ ጊዜ ተከታታይ ልኬት ይካሄድ የነበረው በደቡብ፣ በባሕር ዳር ባሕረ ሰላጤ ነበር። ይሁን እንጂ ከጎንደር ደጋ የሚወርደው መገጭና የደንቢያው ድርማ ዓሣው ሊራባ ከሚወጣባቸው ወንዞች ውስጥ ናቸው። እምቦጭም በ2011 የታየው በዚሁ በሰሜኑ ዳርቻ፣ በመገጭ አፍ አካባቢ ነው። በደጋው እርሻ የሚሸረሸረው አፈር እነዚህን ወንዞች እያደፈረሰ ብርሃን ወደ ሐይቁ እንዳይዘልቅ ያደርጋል፤ እንቁላል የሚጣልበትንም ጠጠር በደለል ይሸፍናል።

ስለዚህ ጎርጎራን በመሰለ የዓሣ ማውረጃ ስፍራ ሁሉ ጠቅላላ ኪሎ ብቻ ሳይሆን የዓሣው ዓይነት፣ ርዝመቱ፣ እንቁላል መያዝ አለመያዙ፣ የመረቡ ብዛትና የተጣለበት ቦታ ይመዘገብ። በዚያኑ ዕለት የውኃው ከፍታ፣ ሙቀትና የድፍርስነቱ መጠን ይለካ። አሥር መረብ ይዞት የነበረውን ያህል ዓሣ ለመያዝ ሃያ መረብ ካስፈለገ፣ ኪሎው ባይቀንስም ሐይቁ ቀንሷል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሆኖም አዋጅ ያለ ልኬት የት፣ መቼና ለስንት ሳምንት መከልከል እንደሚገባ አያውቅም። ነሐሴ ለደንቢያ ገበሬ ጎተራ የሚጎድልበት ወር ነው፤ የወንዙ አፍ ደግሞ በዚያው ወር በዓሣ ይሞላል። ይህን ሰው መረብህን አንሣ የሚለው ባለሙያ በእጁ ትእዛዝ ብቻ ይዞ ቢሄድ አይሰማም፤ አጥማጁ ራሱ ካስመዘገበው ዓሣ የተገኘ ቁጥር ይዞ ቢሄድ ግን ሁለቱ የሚነጋገሩበት ነገር ይኖራቸዋል። ባርበስ ከጣና ቢጠፋ ዘሩ የሚመጣበት ሌላ ሐይቅ በዓለም ላይ የለም። መዝገቡም መከፈት ያለበት ዓሣው ገና ሳለ ነው።