እንግዳ ተማሪ አማና ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የእንግዳ መስተንግዶ ሦስት ቀን መሆኑን፣ ከዚያ ያለፈው ደግሞ ሰደቃ እንደሚሆን አስተምረውናል። መስተንግዶ ሲባል ግን ብዙዎቻችን የሚታየን ማዕዱ ብቻ ነው።

ከውጭ አገር የመጣ የ16 ዓመት ተማሪ እኛ ቤት ለአንድ ሳምንት አርፎ ነበር። በመጀመሪያው ማታ ባለቤቴ ዶሮ ሠርታ ሁላችንም በየተራ አጎረስነው። እየሳቀ በላ፤ እኛም ደስ አለን። ሌሊት ልጄ ቢነሣ ልጁን ብቻውን ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኘው። በርበሬው አቃጥሎታል፤ ከዚያም በላይ እናቱ ናፍቃዋለች። እኛ "ብላ፣ ብላ" አልነው እንጂ "እንዴት ነህ?" ያለው አልነበረም።

አፈርሁ። እኔም በእሱ ዕድሜ ወሎ ውስጥ ደረሳ ሆኜ፣ የሰው ራት እየበላሁ ቀርቻለሁ። ዛሬ የበላሁትን ረስቼዋለሁ። አንዲት እናት "ልጄ፣ እናትህ አለች?" ብለው የጠየቁኝን ግን አልረሳሁም።

በማግሥቱ አልጫ ተሠራለት፤ ከእናቱም ጋር በስልክ አገናኘነው። ለሰላት ስንቆም ና ብለን አላስጨነቅነውም፤ ሲጠይቀን ግን አስረዳነው። ከዚያ በኋላ ሳቁ እውነተኛ ሆነ።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ቤታችሁ ሲመጣ ከማጉረሳችሁ በፊት ጠይቁት፤ ሲደክመው አሳርፉት። የሌላ እናት አማና ነውና፣ የራሳችሁ ልጅ በሰው አገር እንዲያዝላችሁ እንደምትሹት ያዙት። አላህ አማናን በሰላም ከሚያስረክቡት ያድርገን፤ አሚን።