የሚይዘውና የሚዘጋው
(በደብረ ታቦር በተካሄደው የተመራቂዎች መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር)

 አዘጋጆቹ «ስለ ሙያሽ ተናገሪ» ሲሉኝ ስለ ሕጻናት ሕክምና እንደማወራ ጠብቀው ይሆናል። እኔ የማወራችሁ ግን ስለ ቧንቧ ጥርስ ነው። አትሳቁ፣ ምክንያት አለኝ።

ገና ጠቅላላ ሐኪም ሳለሁ በአንድ የገጠር ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የሳንባ ምች የያዘው የስምንት ወር ሕጻን ኦክስጅን ላይ ነበር። ሲሊንደሩ ማታ ሙሉ ነበር። ከሬጉሌተሩ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ግን «ሲስ» ይላል። ጥበቃው መፍቻ አመጣልን፤ ቴፍሎን ጠቀለልንበት፤ ባለን ኃይል አጠበቅነው። ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀስቱ ዜሮ ገባ። ሌላ ሲሊንደር አልነበረም። ሕጻኑ ሳይነጋ ዐረፈ። መዝገቡ ላይ «ኦክስጅን አልቆ» ብዬ ጻፍኩ፤ ለዓመታትም እንደዚያው አምኜ ኖርኩ።

ከዓመታት በኋላ በግቢ አብሮን የነበረ፣ መካኒካል ምህንድስና ያጠና ጓደኛችን ቤተሰብ ሊጠይቅ ከውጭ መጣ። ሥራው የነዳጅ ጉድጓድ ቧንቧ መጋጠሚያ ነው። ቡና ላይ ነገሩን ስነግረው አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «የፈሰሰው በጥርሱ ነው ወይስ በአፍንጫው?» አፍንጫ እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር።

እዚሁ አጠገባችን ካለው ጋፋት ጋር የሚያያዘው የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል አንድ ወጥ ሆኖ የቀለጠ መድፍ ነው። መጋጠሚያ የለውም። ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ያን ብረት መቅደላ ለማድረስ ስንት ሰው ገመድ እንደጎተተ ታውቃላችሁ። የነዳጅ ጉድጓድ ቧንቧ ግን አንድ ወጥ ሊሆን አይችልም። አንዱ ቁራጭ 12 ሜትር ቢሆን፣ ለ3,000 ሜትር ጉድጓድ 250 ቁራጭ ያስፈልጋል። ላይ ያለው መጋጠሚያ ከሥሩ የተንጠለጠለውን ሁሉ ይሸከማል፤ ከውስጥ ደግሞ ጋዝ ይገፋዋል። በአገራችን በካሉብና በሂላላ ጉድጓዶችም ሕጉ ያው ነው።

ጓደኛዬ በናፕኪን ላይ ሦስት ሥዕል ሣለልኝ። የመጀመሪያው የተለመደው ክብ ጥርስ ነው፤ በአንድ ኢንች 8 ጥርስ አለው። ቧንቧው ጫፉ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል፤ በየ16 ሚሊ ሜትሩ ውፍረቱ በ1 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። ስለዚህ ሲጠብቅ እንደ ሽብልቅ ይያያዛል። ነገር ግን በጥርስና በጥርስ መካከል ጠመዝማዛ የሆነች ጠባብ መንገድ ሁልጊዜ ትቀራለች። እሷን የሚደፍናት የብረት ዱቄት የተቀላቀለበት ግራሶ ነው። ሙቀት ግራሶውን ሲያደርቀው ጋዙ መንገዱን ያገኛል።

ሁለተኛው በኢንች 5 ጥርስ ያለው ነው። ጭነቱን የሚቀበለው ጎን ቀጥ ሊል ምንም አልቀረውም፤ 3 ዲግሪ ብቻ ያዘነብላል። ስለዚህ ሲጎተት ጥርሱ ከጥርሱ ሾልኮ አይወጣም። መያዙ በረታ፤ መዝጋቱ ግን አሁንም በግራሶ ላይ ነው።

ሦስተኛው ሥራውን ለሁለት ከፈለው። ጥርሱ ይይዛል፤ ከጥርሱ ውጭ ያለ ለስላሳ የብረት ገጽ ሌላውን ብረት ተጭኖ ይዘጋል። በተጨማሪ «እዚህ ላይ ይበቃል» የሚል ትከሻ አለው። ምክንያቱም ከልክ በላይ ማጥበቅ ብረትን ከብረት ያላትማል፣ ገጹንም ይበላዋል። ስለዚህ እነሱ በጉልበት ሳይሆን በመለኪያ ነው የሚያጠብቁት። የመቆፈሪያ ቧንቧ መጋጠሚያ ላይ ደግሞ ስብራት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ከተያያዘው ጥርስ ሥር ነው፤ ቧንቧው ሲዞር ደጋግሞ የሚታጠፈው እዚያ ነውና።

«የእናንተ ትልቁ ሲሊንደርም እንደ ሦስተኛው ነው» አለኝ። «ጥርሱ ሬጉሌተሩን ይይዛል እንጂ ጋዝ አይዘጋም። የሚዘጋው አፍንጫውና ጫፉ ላይ ያለችው ትንሿ ጎሚኒ ናት።» ቴፍሎናችን ጥርስ ላይ ነበር። ጉልበታችንም ጥርስ ላይ ነበር። ጎሚኒዋን ማንም አላያትም። እኔም አላየኋትም።

አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቀኝ፤ ይህን አደራ አትርሱ። ለነዳጅ ቧንቧ መድኃኒት የሆነው ግራሶ ለኦክስጅን መርዝ ነው። ወደ 150 ባር የሚደርስ ንጹሕ ኦክስጅን ዘይት ከነካ ሊያቀጣጥለው ይችላል። ያን ሌሊት ጥበቃው ግራሶም ላምጣ ብሎን ነበር። ያልቀባነው ስለምናውቅ አልነበረም፤ ግራሶ ስላልተገኘ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። መምህራኖቻችን፣ እባካችሁ የሕክምና ተማሪው ከመመረቁ በፊት ከባዮሜዲካል ባለሙያ ጋር ቁጭ ብሎ ሬጉሌተር ይፍታ፣ ይግጠም፤ ፍሳሽን ለኦክስጅን በተፈቀደ አረፋ መፈለግን ይማር። መሐንዲስ ጓደኞቼ፣ አገር ቤት ስትመጡ በአቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ጎራ ብላችሁ መጋጠሚያዎቹን እዩልን። ሐኪሞች ደግሞ መለዋወጫ ጎሚኒን ከመድኃኒት እኩል እንጠይቅ።

ያንን መዝገብ ዛሬ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦ «ኦክስጅኑ አላለቀም። በመጋጠሚያው ፈሰሰ፤ ተረኛዋ ሐኪም የት እንደሚፈስ አላወቀችም።»