ሳትድን አልጋ ያነጠፈች ልጅ

ውድ ተመራቂ አዋላጆችና ነርሶች፤

ከኮንሶ ወደ ወይጦ ቆላ የወረደ ሰው የዚህን ሜዳ ሙቀት ያውቀዋል። እዚህ ስንደርስ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አርቦሬና ቱርሚ ይታጠፋል፣ ሌላው በቀይ አፈር አድርጎ ወደ ጂንካ ይወጣል። ትናንት ስመጣ ከመገንጠያው ላይ ቆሜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ምጥ የጸናባት የጸማይ ብሔረሰብ ልጅ ከመንደሯ ተነስታ ከዚህ አስፋልት እስክትደርስ ስንት ሰዓት ይፈጅባታል? ሲመሽስ? ወንዙ ሲሞላስ?

ስለዚህ ዛሬ የአንዲት ልጅ ታሪክ ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

ማሚቱ ጋሼ ትባላለች። ገጠር ያደገች፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች፣ በልጅነቷ የተዳረች ናት። እ.ኤ.አ. በ1962፣ ዕድሜዋ 16 ገደማ ሳለ፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ አማጠች። ምጡ ቀናት ፈጀ። ልጇ ሞተ፤ እሷንም ፊስቱላ ያዛት።

ተመራቂዎች ይህን በክፍል ተምራችሁታል፤ ለወላጆቻችሁ ልንገራቸው። ምጥ ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት በሽንት ፊኛና በመውለጃ መንገድ መካከል ያለውን ሥጋ ከአጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም የተከለከለው ሥጋ ይሞታል፤ ይቀደዳል። ከዚያ ወዲያ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ልጅቷ እርግማን ይመስላታል። ሽታዋን ፈርታ ከቡና ጠጪው፣ ከገበያው፣ ከጸሎቱም ቦታ ትርቃለች። እግዚአብሔር የተዋት ይመስላታል።

ማሚቱ አዲስ አበባ፣ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ደረሰች። በዚያ ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ይሠሩ ነበር። ደጋግመው ቀዶ ሕክምና አደረጉላት፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልዳነችም።

ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በዚያ ዕድሜ፣ ልጇን አጥታ፣ ሕመሟ አብሯት እንደሚኖር እያወቀች ምን አደረገች? ተነሥታ የሌሎችን ሕመምተኞች አልጋ ማንጠፍ ጀመረች። ቀጥላ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል ጀመረች። እያየች ተማረች፤ እጇም ሥራውን ለመደ። በመጨረሻ የፊስቱላን ቀዶ ሕክምና ራሷ የምትሠራ ሆነች፤ ለተማሩ ሐኪሞችም አሳየች። የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1989 የወርቅ ሜዳሊያ ሲሸልም፣ ያቺን ልጅ ከሁለቱ ሃምሊኖች ጋር አከበረ። ዛሬ ወይዘሮ ማሚቱ ብለን በአክብሮት የምንጠራቸው እሳቸውን ነው።

እምነት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ተንበርክኮ ፈውስን የሚጠብቅ ሰው ነው። ያም እምነት ነው፤ አልነቅፈውም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ፈውሱ ሳይሞላለት ለጎረቤቱ አንሶላ የሚዘረጋው ሰው ነው። ነገ ትርጉም እንዳለው ሳያምን እጁን አያነሣም።

እንዲህ ያለው ድፍረት ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ ወረርሽኝ ሲረጋገጥ፣ በሽታው በንክኪ እንደሚተላለፍ እያወቁ ከታማሚው አልጋ አጠገብ የቆሙት የእናንተው የሙያ ጓደኞች ናቸው። ዛሬ በክብር እናስባቸው።

እንግዲህ አደራዬን ስሙ። ፊስቱላ በአብዛኛው መከላከል የሚቻል ጉዳት ነው። በመከላከሉ ሥራ የምትቆሙት ደግሞ እናንተ ናችሁ። የምጡን ሂደት የምትመዘግቡበትን ፓርቶግራፍ በሰዓቱ ሙሉ። ምጡ ከመስመር ሲወጣ «ትንሽ እንጠብቅ» አትበሉ፤ ወደ ሆስፒታል ላኳት። ቤቷ ሩቅ የሆነችውን ነፍሰ ጡር ቀኗ ሳይደርስ ወደ እናቶች ማቆያ አምጧት። ምጥ ተራዝሞባት ከወለደች በኋላ ሽንት የሚያመልጣት ካገኛችሁ ቶሎ የሽንት ማስወጫ ቱቦ (ካቴተር) ይግባላት፤ በጊዜ ከተደረገ ትንሹ ቀዳዳ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊዘጋ ይችላል። ትልቁን ይርጋለም ያለው የሃምሊን ፊስቱላ ማዕከል ይቀበላል። ከሁሉ በፊት ግን እርግማን እንዳልሆነ በምትሰማው ቋንቋ ንገሯት።

ከቆላው ወጥታ ወደ እናንተ ደጅ የምትመጣው ልጅ የምትችለውን ሁሉ አምናና ደፍራ ፈጽማለች። በሌሊት ተጉዛለች፤ ፍርሃቷን ውጣለች፤ የማታውቀውን ሰው አምናለች። ያ እምነት እናንተ እጅ ላይ ወድቆ እንዳይሰበር።

ስትደርስ አልጋው ተነጥፎ ይጠብቃት።

እግዚአብሔር እጃችሁን ይባርክ።