የአሮጌዋ ሞተር ብስክሌታችን መብራት
በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



አባታችን ትተውልን ያለፉትን ሞተር ብስክሌት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ሌሊት ሰው ሲያርፍ ርቀው ለሚኖሩት አባላት እኛ ሁለታችን ወንድማማቾች የምንናገረው በሷ ነው። ስልክ አለ ትሉ ይሆናል፤ ሌሊት የማያነሣው ግን ብዙ ነው።

አምና በክረምት ለጥሪ ስንወጣ ዳገቱ ላይ መብራቷ ድርግም አለ። ለካ አንዲት እናት ወደ ለቅሶው ቤት ሲሄዱ ከፊታችን ኖረዋል። ያየናቸው በነጠላቸው ንጣት ነው፤ ለጥቂት ተረፉ። ለቀብር የምንጠራው ሰዎች ራሳችን ቀብር ልናመጣ ነበር። በዚያ ሌሊት ሁለታችንንም እንቅልፍ አልወሰደንም።

ከዚህ በኋላ አንዳንዱ ሽጧት አለን፤ ሌላው ደግሞ የአባት ዕቃ ነውና ብሎኗም አይነካ አለ። እኛ ግን በመጀመሪያ ሕመሟን እንወቅ አልን።

ሞተሯ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም የተሠራች ባለ ሁለት ሲሊንደር ቢ.ኤስ.ኤ. ኤ-10 ናት። ሁለት የኤሌክትሪክ ምንጭ አላት። አንዱ ማኜቶው ነው፤ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ ይሰጣል፤ ከባትሪ ምንም አይለምንም። ሁለተኛው ዲናሞው ነው፤ በትንሽ ካቴና እየዞረ ባትሪውን ይሞላል፣ መብራቱንና ክላክሱን ይመግባል። ስለዚህ ዲናሞው ቢሞትም ሞተሯ ትሄዳለች። ሰው የሚታለለው በዚህ ነው።

ዲናሞው 6 ቮልት ሆኖ 60 ዋት የሚሰጥ ነው፤ የፊቱ አምፖል ብቻ 30 ዋት ይበላል። ለቀስተኛ ተከትለን ቀስ ስንል ደግሞ ዲናሞው እንደሚገባ ስለማይዞር ባትሪው ያለችውን ይጨርሳል። በላዩም በውስጡ የሚዞረው የሽቦው ጥቅል ነውና ኤሌክትሪኩ የሚወጣው በካርቦን ነው፤ ካርቦኑም ያልቃል። እኛ ሁለት ጊዜ ለውጠን ሁለት ጊዜ ተመለሰብን።

በመጨረሻ በዲናሞው ቦታ ልክ የሚገባ፣ በጥርሳም ቺንጋ የሚዞር አልተርኔተር ከውጭ አገር በእኅታችን ልጅ በኩል አስመጣን። በዚህኛው የሚዞረው ማግኔቱ ነው፤ ሽቦው አይንቀሳቀስም፣ ካርቦንም የለውም። 12 ቮልት፣ 150 ዋት ተጽፎበታል። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ለዚያው ዋት በሽቦው የሚያልፈው አምፔር በግማሽ ይቀንሳል።

ስንገጥመው የተማርነውን እንናገር። ካቴና በግሪስ ውስጥ ይኖራል፤ ቺንጋ ግን ደረቅ ቤት ይፈልጋል። እኛ ክዳኑን ጠርገን ብቻ ዘጋነው። በሁለት ሳምንት ስንከፍተው ዘይት ከኋላ ሾልኮ ቺንጋው ርሶ አገኘነው። ዘይት የሚያግደውን ጎማ ለውጠን፣ ቤቱን አጥበንና አድርቀን፣ በሌላ ቺንጋ እንደ ገና ገጠምን። ቺንጋውን እንደ ክራር ጅማት መወጠርም ስሕተት ነው፤ ኩሽኔታውን ይበላል። በጣት ሲጫኑት ጥቂት ዝቅ ማለት አለበት። ባትሪው፣ አምፖሎቹና ክላክሱም በ12 ቮልት ተለወጡ። በድሮው አሠራር ከሞተሯ አካል ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ስለ ነበረ፣ ከአዲሱ ሬጉላተር ጋር የመጣውን ወረቀት ሳናነብ አንድ ሽቦ አላሰርንም፤ ተገላብጦ ከታሰረ ይቃጠላልና። ማኜቶውን ግን አልነካነውም፤ ደኅና ነውና።

አይነካ ላላችሁን ደግሞ አንድ መልስ አለን። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣቸው አዳዲስ ሞተሮች ዲናሞውን ትቶ አልተርኔተር ገጥሟል። የአባታችንም ዲናሞ አልተጣለም፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አለ። የአባት ዕቃ የሚከበረው የደከመውን ለውጠው ደኅናውን ሲጠብቁት ነው ብለን እናምናለን።

ሞተር የምትነዱ ልጆቻችን፣ ሞተሩ ተነሣ ብላችሁ ብቻ አትውጡ፤ በመጀመሪያ መብራቱን እዩ። ዘንድሮ ሦስት ሌሊት ለጥሪ ወጥተናል፤ ዳገቱን እስከ ጫፉ እያየን ወጣነው።

እኚያ እናታችን ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል። ያን ጊዜ ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል፤ አሁንም በጉባኤው ፊት ደግመን እንጠይቃቸዋለን።